«ራስህን ፈልግ ይሉታል፤ መቼ ጠፋና?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን ከደብረ ብርሃን ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ቃሉ ግን የራሷ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ወላጆቼ መንዝ ናቸው፤ ከሞላሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። የመጨረሻው ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፤ 10ኛ ክፍል ይማራል። ሞላሌ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቷል። ኪራዩን እኔ እከፍላለሁ፣ ስንቁን እናቴ ትልካለች። በቀደም መምህሩ አንድ ወረቀት ሰጥቷቸው ነበር። ‹ጠንካራ ጎኔ፣ ደካማ ጎኔ፣ ዝንባሌዬ፣ የወደፊት ሙያዬ› ይላል። ልጁ ምን ብሎ ሞላው መሰልዎት? ጎበዝ ነኝ፤ የለኝም፤ መማር፤ ዶክተር። ከ10 ሦስት አገኘ። ከሥሩ በቀይ ‹ራስህን ፈልግ› ተብሎ ተጽፎበታል። መቼ ጠፋና ነው የሚፈልገው? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እንዲህ ነው አሉኝ። ሒሳብና እንግሊዝኛ ማስተማር ሲያቅታቸው ነው? አሁን 11ኛ ሊገባ ነው። እኔ ናቹራል ይግባ እላለሁ። እሱ ጓደኞቼ ሶሻል ሊገቡ ነው ይላል። አንተስ ምን ትፈልጋለህ ስለው ‹እኔ እንጃ› ነው መልሱ። ክረምት ቤት ሲሄድ መጽሐፍ አይነካም፤ በግ ሥር ነው የሚውለው። የጎተራውን ግድግዳ በከሰል እየሞነጫጨረ እናቴን ያናድዳታል። በፋሲካማ ብሶበት አባቴ ሊሸጠው ያወጣውን ጠቦት አላስሸጥም ብሎ ከትልቅ ሰው ጋር ተጣላ። ግትር ነው። እኔ 10ኛ ላይ ነው የቀረሁት፤ እሱ እንዲቀር አልፈልግም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ «መቼ ጠፋና» ያልሽው አሳቀኝ። ስቄ ሳበቃ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። እውነትሽን ነው፤ ልጁ አልጠፋም። እዚያው ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ አገኘሁት። ሦስቱንም የጻፍሽው ግን እሱን ለመክሰስ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ ላውራ።

ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት በክምር አርሜያለሁ። የወንድምሽን መልስ ሳላየው በቃሌ አውቀዋለሁ። ክፍሉ ሙሉ ዶክተር ነው። አልፎ አልፎ አንድ ፓይለት ብቅ ይላል። ደካማ ጎን ያለው ሰው የለም። ልጆቹ እየዋሹ አይመስለኝም። ጨዋነታቸው ነው።

እስቲ አስቢው። መንዝ ያደገ ልጅ ሰው ፊት ስለ ራሱ አውርቶ ያውቃል? እንግዳ ሲመጣ እጅ ያስታጥባል፣ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። «እኔ እኮ እንዲህ እችላለሁ» ያለ ዕለት ጉረኛ ይባላል። ድክመቱን ለማያውቀው ሰው መናገር ደግሞ ገመናን ማውጣት ነው። 16 ዓመት ሙሉ «ስለ ራስህ አታውራ» ተብሎ ያደገውን ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ «ስለ ራስህ ዘርዝር» ስትይው የሚሰጥሽ መልስ ይሄው ነው። መምህሩን አልፈርድበትም። ስንት ልጅ እንደሚያስተምር አላውቅም፤ ብዙ እንደሚሆን ግን እገምታለሁ። «ፈልግ» አለው እንጂ የት እንደሚፈልግ አልነገረውም። ጥፋት ከተባለ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ። ንዴትሽ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም።

ልክ ያልሆነውን ላስቀድም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ብዙ ነገር ቀይሯል። አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄውን ቀየረው። ድሮ ጥያቄው «ተማሪው ምን ያውቃል?» ነበር። አሁን «ባወቀው ምን ይሠራበታል?» ሆኗል። ብቃት ተኮር የሚሉት ይሄን ነው። ለምሳሌ ወንድምሽ ማባዛትና ማካፈል ይችላል። አባትሽ «በሄክታር አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ብለውናል፤ ለዚች ለአንድ ጥማድ ስንት ልግዛ?» ቢሉት ጥማድ ሩብ ሄክታር መሆኑን አስታውሶ «25 ኪሎ» ማለት ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ ብቃት አለው። ፈተና ላይ 90 አምጥቶ እዚህ ላይ አፉን ከያዘ ገና ነው። ማዕቀፉ ከዘረዘራቸው ብቃቶች መካከል ችግር መፍታት፣ ፈጠራ፣ አብሮ መሥራት፣ መምራትና መወሰን፣ እንዴት መማር እንዳለበት ማወቅም አሉበት። ስለ ራስ ማወቅ የሚመጣውም ከዚህ ጋር ነው። 11ኛ ክፍል ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላላ! ራሱን የማያውቅ ልጅ በጓደኞቹ ብዛት ይመርጣል። ወይም በእህቱ ቁጣ።

ልክ የሆነው ንዴትሽ ደግሞ ይሄ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ሌላ፣ ክፍል ውስጥ ያለው ሌላ። «ችግር ፈቺ ትውልድ» የሚለውን እኮ እኛም ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። የቡድን ሥራ ሲሰጥ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። አንድ ለአምስት ሲባል እንዲህ ነበር፤ ዛሬም ብዙ የተለየ አይመስለኝም። ተግባር ይባላል፣ የተግባር ክፍል የለም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልላችን በጸጥታው ምክንያት ትምህርቱ ራሱ ስንት ጊዜ ተቆራረጠ። ወር ሙሉ ቤቱ የከረመ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ምዕራፍ ለመጨረስ ነው ሩጫው። እንግዲህ በዚህ መሐል አንድ መምህር «ራስህን ፈልግ» የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ማደሉ በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

በቃ፤ ወደ በጎቹ እንሂድ።

ታስታውሺ እንደሆነ መልስ ከመጻፌ በፊት በስልክ አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር። «ግድግዳው ላይ የሚጽፈው ምንድን ነው? ጠቦቱንስ ለምን አላስሸጥም አለ? ሳትቆጪ ጠይቂው» ብዬሽ። ከሦስት ቀን በኋላ የላክሽልኝ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ ሰረዝ አንድ እናት በግ ናት አለኝ። ስትወልድ ነጥብ ያደርግላታል። መንታ ከሆነ ሁለት ነጥብ። ግልገሉ ከሞተ ክብ። ጠቦቱ ደግሞ እናቱ ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳለች፣ እሱም ከእኩዮቹ ቀድሞ ነው ያደገው፣ እሱ ከተሸጠ ሴቶቹን የሚያጠቃው ያ ቀጫጫው ነው አለ። ግን ይሄ ምን ይጠቅመዋል?»

እህቴ፣ ይሄን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

የመንዝ በግ መንታ መውለድ አያዘወትርም። ሁለት ጊዜ መንታ የወለደች በግ ግድግዳ ላይ መመዝገቧ ሲያንሳት ነው። ወንድምሽ የተናገረው ነገር ደግሞ የእንስሳት እርባታ ተመራማሪዎች በየገበሬው መንጋ ላይ የሚያነሡት ዋና ችግር ነው። ቶሎ የሚያድገው ወንድ ግልገል ቶሎ ገበያ ይወጣል። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና የሚመረጠው እሱ ነው። መንጋው ውስጥ ቀርቶ አባት የሚሆነው ገዢ ያልፈለገው ነው። ዓመት ዓመትን ሲተካ በጉ እያነሰ ይሄዳል። ገበሬው ግን በሳሩ ወይም በዘመኑ ያሳብባል።

ይሄን ለማስተካከል ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እዚያው መንዝ ውስጥ የተጀመረ ሥራ አለ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ከገበሬው ጋር ሆነው የጀመሩት ነው። ግልገል ሲወለድ ይመዘናል፣ ይጻፋል። ስድስት ወር ሲሞላው እንደገና ይመዘናል። የእናቱ ታሪክም ይታያል። ከዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው አውራውን ይመርጣሉ። የተመረጠው መንደሩን በጋራ ያገለግላል። ያልተመረጠው ይሸጣል፣ ወይም ይኮላሽና ሙክት ይሆናል። ወንድምሽ ይሄን ከጎረቤት ሰምቶ ይሁን ከራሱ አመንጭቶ እኔ አላውቅም። ቢሰማም እንኳ ሰምቶ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ በከሰል እየመዘገቡ መከታተል ሌላ ነገር ነው።

እስቲ ያን ወረቀት አብረን እንሙላው። ጠንካራ ጎን፦ ማንም ሳያዘው መዝገብ ይይዛል። ያነጻጽራል። ማስረጃ ይዞ ይከራከራል። የዛሬን ብር ትቶ የከርሞን መንጋ ያስባል። ደካማ ጎን፦ ይሄን ሁሉ ለአባቱ በወጉ ማስረዳት አልቻለም፤ ተጣላ። አየሽ፣ ሁለቱም ሳጥን ሞላ። ከ10 ስንት ይሰጠዋል?

ስለ ጠቡ አንድ ነገር ልጨምር። አባትሽ ጠቦቱን ያወጡት ለጨዋታ አይደለም። ዓውደ ዓመት ነው፤ ዘይት አለ፣ ዕዳ አለ፣ የአንቺ ወንድም ደብተርም አለ። ልጁ ለዚያ መልስ አልነበረውም። «ይሄን ከምንሸጥ ያን ሸጠን የጎደለውን እንዲህ እናሟላ» ቢል ኖሮ ክርክር ይሆን ነበር። አላለም፤ ስለዚህ ግትርነት መሰለ። ይሄ ግን የሚማሩት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። አንቺን አውቅሻለሁ ማለት አልችልም፤ ታላቅ እህት ግን አውቃለሁ። ይሄን ካነበብሽ በኋላ «ዶክተር» የሚለውን ወረቀት ገንጥለሽ «የበግ ዶክተር» የሚል እንዳትለጥፊበት። ልጁ የሚወደው በጉን ይሁን ምዝገባውን ገና አናውቅም። ምናልባት በግ ስለነበረ ነው በግ የመዘገበው። አባቱ ባለ ሱቅ ቢሆኑ ኖሮ ዕቃ ይመዘግብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ የእንስሳት ሐኪም ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ባለሙያ፣ የጤና መረጃ ሠራተኛ፣ የኢኮኖሚክስ ሰውም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ሌላ ቦታ ሲሞክረው ነው።

እኔ በዚህ ነገር ተሳስቻለሁ። አንድ የወረዳ ከተማ ውስጥ ሳስተምር የክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ሒሳብ ላይ 48 አመጣች። ሮስተሩን አየሁና «አንቺ ከቁጥር ጋር አልተፈጠርሽም፤ ቁጥር ከሌለበት ፈልጊ» አልኳት። የክፍሉን ዕቁብ የምትሰበስበው እሷ እንደነበረች ረስቼዋለሁ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ማን ዕጣ ወጣለት፣ አንዲት ሳንቲም ሳትዛነፍ በቃሏ ትይዘው ነበር። ከዓመታት በኋላ ደብረ ሲና አውቶቡሱ ቆሞ ቆሎ ልገዛ ወረድኩ። ባለ ሱቋ እሷ ሆና ተገኘች። ሦስት ሰው ቀጥራለች። «ቲቸር፣ ቁጥር አትችይም ብለውኝ ነበር እኮ» አለችኝና እየሳቀች መልሴን በቃሏ አስልታ ሰጠችኝ። ቆሎው እስከ ጣርማ በር ድረስ አልዋጥልህ አለኝ።

ከሩቅ ሳንሄድ የአንኮበሩን ተወላጅ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ተመልከቺ። በ15 ዓመታቸው እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ያስተማሯቸው መምህራን እጃቸው ወደ ሥዕል እንደሚሄድ አዩ፤ ወደዚያው እንዲሄዱ ገፋፏቸው። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ላይ ያለውን የመስታወት ሥዕል የሠሩት እሳቸው ናቸው። በእርግጥ እንዲህ ያለ ዕድል ለስንቱ ይገጥማል ብትይኝ መልስ የለኝም። እኔ ያነሣኋቸው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ተሰጥኦውን ያየለት ቅጽ አይደለም፤ አጠገቡ የነበረ ሰው ነው። ለወንድምሽ አጠገቡ ያለሽው አንቺ ነሽ። ከደብረ ብርሃንም ሆነሽ ቢሆን።

ወደ ናቹራልና ሶሻል። «ጓደኞቼ ሶሻል ሊገቡ ነው» ምክንያት አይደለም። «ዶክተር ይሆንልኛል» የሚለው የአንቺም ምክንያት አይደለም። እኩል ናችሁ። የእንስሳት እርባታም፣ የእንስሳት ሕክምናም፣ ግብርናም በናቹራል በኩል ነው የሚገባው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ላይ ግብርና ራሱን የቻለ መጽሐፍ አለው። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ ደግሞ የሶሻል ተማሪ መንገድ ናቸው። እስካሁን ባየነው ናቹራል ለልጁ የሚቀርብ ይመስለኛል። አንቺም ያልሽው እሱን ነው፤ ግን ደስ አይበልሽ፣ በሌላ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ግን እዪ። የ9ኛና የ10ኛን ካርድ አውጪና ፊዚክስና ኬሚስትሪውን ተመልከቺ። ውጤቱ መካከለኛ ከሆነ ችግር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ሲያንገላታው ከከረመ ግን ለበጉ ብሎ እዚያ ውስጥ መስጠም የለበትም። የመጨረሻው ቃል የእሱ ይሁን። ምክንያቱን ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍልሽ። «እኔ እንጃ» አይቆጠርም።

ሒሳብና እንግሊዝኛ ያልሽው ላይ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። ብቃት ተኮር ተባለ አልተባለ፣ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚጠብቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ለናቹራል ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። ተሻሽሏል፤ አሁንም ግን ከአሥር ተፈታኝ አንድ እንኳ አያልፍም ማለት ነው። ላስፈራራሽ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ በአማርኛ የሚያውቀውን በግ በእንግሊዝኛ መጻፍ ካልቻለ ፈተናው ላይ አላወቀውም። ካላለፈም ቴክኒክና ሙያ አለ። እሱን እንደ ቅጣት አትንገሪው። ከአሁኑ «አለበለዚያ ቴክኒክና ሙያ ትገባታለህ» እያሉ ያሳደጉት ልጅ ሲገባ ተሸንፎ ነው የሚገባው።

እንግዲህ ክረምቱ መጥቷል፤ ወደ መንዝ ሊወጣ ነው። እኔ አንቺን ብሆን የማደርገው እንዲህ ነው።

ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተርና የሚንጠለጠል ሚዛን እገዛለታለሁ። ሚዛኑ ከሌለ ከጎረቤት ነጋዴ ይዋሳል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ደብተሩ ይገልብጠው። ከዚያ በዚህ ክረምት የሚወለደውን ግልገል ሁሉ ይጻፍ፦ የተወለደበት ቀን፣ እናቱ፣ ወንድ ወይም ሴት፣ ክብደቱ። የመንዝ ግልገል ሲወለድ ከሁለት ኪሎ ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። በየወሩ ይመዝን። መስከረም ላይ በግራፍ ያውጣው፤ ግራፍ ተምሯል። በገጹ ግራ አማርኛ፣ በቀኙ እንግሊዝኛ ይጻፍ። እንግሊዝኛው ይሰበርበታል፤ ይሰበር። በሳምንት አንድ ገጽ ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽ፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን። አንቺ ማረም አይጠበቅብሽም፤ ማየት ብቻ።

ምን መሆን ትፈልጋለህ የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ለዚህ ክረምት ተዪው። በምትኩ ቀለል ያለ ጠይቂው። ሰፈር ውስጥ ሰው ምን ሊጠይቅህ ነው የሚመጣው? ደክሞህም እንኳ የማትተወው ሥራ የቱ ነው? የቱን ስትሠራ ነው ምሳ የምትረሳው? እነዚህን ሲመልስ አይኮራም፤ የሆነውን ነው የሚናገረው። ጨዋነቱ አይነካበትም።

ወረዳው ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ፣ ቀበሌ ላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አለ። ክትባት በሚሰጡበት ቀን አብሯቸው ይዋል። በጎች ይዞላቸው ይቁም፣ ይጻፍላቸው። ሁለት ቀን ይበቃል። ደሙንና ሽታውን አይቶ «ይሄስ ይቅርብኝ» ካለም ትልቅ ግኝት ነው፤ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ከሚያውቀው አሁን ይወቀው። አንቺ ደግሞ ያለሽው ደብረ ብርሃን ነው። ዕረፍት በወጣሽ ቀን ምርምር ማዕከሉ ሄደሽ «መንዝ ውስጥ በግ የሚመዘግብ ወንድም አለኝ፤ አንድ ቀን ይዤው ብመጣ የሚያነጋግረው ሰው አለ?» ብለሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ የባከነው የታክሲ ነው።

አባትሽን በስልክ አትሞግቻቸው። ልጁ ደብተሩን ይዞ ራሱ ያስረዳቸው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው ይጀምሩ ይሆናል። ይበሉ። መስከረም ላይ ቁጥሩን ሲያዩ የሚሉትን እንሰማለን።

መምህሩንም አትርሺው። ትምህርት ሲከፈት የግድግዳውን ፎቶና ደብተሩን ይዞ ሄዶ «ፈልግ ያሉኝን አምጥቻለሁ» ይበለው። ያ መምህር በቀይ የጻፈውን ነገር ይዞለት የመጣ ተማሪ ስንት እንዳለው እንጃ። እኔ ብሆን ደስታውን አልችለውም ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ልተወው አልኩና አልቻልኩም። «እኔ 10ኛ ላይ ነው የቀረሁት» ብለሽ አለፍሽው። ያኔ የ10ኛ ክፍል መልቀቂያ ነበር። ውጤቱ ይመጣል፣ ነጥቡ የሞላለት ፕሪፓራቶሪ ይገባል፣ ያልሞላለት ይቀራል። ዛሬ ያ ፈተና የለም። የአንቺ ነጥብ ሳይሞላ ሲቀር «ለመሆኑ ምን ትችያለሽ?» ያለሽ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ወንድምሽ ሲጠየቅ የተናደድሽው ከዚያም ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። በአንዲት የፋብሪካ ደመወዝ የራስሽን ኪራይ፣ የእሱን ኪራይና የቤተሰብ ዓውደ ዓመት የምታዳርሺ ሰው ግን ያን ባለ አራት ሳጥን ወረቀት ባዶ አትመልሺውም። አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ ሙይው። «የለኝም» እና «መማር» ብለሽ እንዳታታልይኝ።

ደግሞ ጠቦቱ አሁን ስንት ኪሎ እንደደረሰ ጻፊልኝ።